ከደረሰው እስከ በሰለው፦ አፕልን መቅጠፍና በቅዝቃዜ ማቆየት

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የተመቸ ቋንቋ ነው። “ደረሰ” እና “በሰለ” የሚሉ ሁለት ቃላት አሉን። ስንዴው ደረሰ እንላለን፤ ሙዙ በሰለ እንላለን። የደረሰ ፍሬ ከዛፉ ተለይቶ ራሱን መቻል የሚችል ነው። የበሰለ ደግሞ አፍ ላይ የሚጥም። አፕል ላይ ስንመጣ ግን ሁለቱን እናምታታለን። ቀላ ካለ በሰለ፣ ካልበሰለም ፍሪጅ ያበስለዋል ብለን እንገላገላለን።

እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ደብረ ብርሃን አካባቢ ባለው የቤተሰብ ግቢ ጥቂት የአፕል ዛፎች አሉን። መጀመሪያ ባፈሩበት ዓመት ቀላ ቀላ ብለው ሲታዩኝ ሁሉንም በአንድ ቀን አወረድኳቸው። ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቄ አዲስ አበባ አመጣሁና ፍሪጅ ሞላሁባቸው። ከወር በኋላ ሳያቸው ግማሾቹ እንደ ከረመ ድንች ተጨማደዋል። ሌሎቹ ሲያዩአቸው ደህና ናቸው፤ ሲነከሱ ግን ዱቄት ዱቄት ይላሉ። አክስቴ አንዱን ነከስ አድርጋ መልሳ አስቀመጠችው። “ልጄ፣ ይሄን በጎቹም አይበሉት” አለች።

ጥፋቱ የፍሪጁ አልነበረም። ገና ጮርቃ የነበረውንም ያለፈበትንም አንድ ላይ ከትቼ ቅዝቃዜው እንዲያስተካክልልኝ መጠበቄ ነው። ቅዝቃዜ ፍሬውን ባለበት ቦታ ላይ ይይዘዋል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ፍሪጁ በር ላይ ሳይሆን ዛፉ ሥር ነው የሚያልቀው። ከዚያ በኋላ በጥቂት ዓመት የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ። ጥቂት ዛፍ ላለውም፣ ከገበያ በካርቶን ገዝቶ ለሚያስቀምጥም ይሆናል።

ውስጡ ምን እየሆነ ነው?

አፕል ከዛፍ ከወረደ በኋላም ይተነፍሳል። ዛፉ ላይ እያለ ምግቡን በስታርች መልክ ያከማቻል። ሲደርስ ስታርቹ ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራል። ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል፣ ሥጋው ይላላል፣ መዓዛው ይወጣል። ይህን ሁሉ የሚቀሰቅሰው ፍሬው ራሱ የሚያመነጨው ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ነው። የበሰለ ፍሬ ይህን ጋዝ እንደሚያመነጭ በኬሚስትሪ የተረጋገጠው በ1934 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የተሠራበትም ፍሬ አፕል ነበር።

ለእኛ ነገሩ አዲስ አይደለም። ጥሬ ሙዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በጭስ ሲበስል ያየ ሰው ያውቀዋል። በደንብ ካልነደደ ነገር ከሚወጣው ጭስ ውስጥ ኤቲሊን አለ። ሙዙን የሚያበስለው እሱ ነው። አፕል የራሱን ጭስ ተሸክሞ ይዞራል ማለት ይቻላል።

ቅዝቃዜ ይህን ሁሉ ያዘገያል። በግምት ሲወሰድ፣ አፕል በ20 ዲግሪ ሙቀት በአንድ ቀን የሚያረጀውን ያህል በ0 ዲግሪ ለማርጀት 10 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ይህችን ቁጥር ያዟት፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ደረጃ 1፦ ሳትቀጥፉ በፊት የት እንደሚሄድ ወስኑ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ዛሬ ማታ ለሚበላ አፕልና ለሦስት ወር ለሚቀመጥ አፕል የመቅጠፊያ ቀኑ አንድ አይደለም።

ወዲያው የሚበላ ከሆነ ዛፉ ላይ ይቆይ፤ እዚያው ይጣፍጥ። ሁለት ሦስት ሳምንት የሚቆይ ከሆነ ትንሽ ቀደም ይበል። ለወራት የሚቀመጠው ደግሞ ልክ ሲደርስ፣ ገና ሳይበስል መውረድ አለበት። ጠንካራና ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ይሆናል። ስታርቹ እያደር ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ይጣፍጣል።

ቶሎ የተቀጠፈ ይበልጥ ይቆያል ብላችሁ ግን እንዳትሞኙ። ሳይደርስ የወረደ አፕል አይበሰብስም ይሆናል፤ ግን መዓዛ አያመጣም። የቆዳው ሰም በደንብ ስላልተሠራ ውሃው እየወጣ ይጨማደዳል። ከቆዳው ሥር ቡናማ መራራ ነጥብ የሚያወጣው በሽታም እንዲህ ያለውን ፍሬ ያጠቃል። ዘግይቶ የወረደው ደግሞ በተቃራኒው ለአንድ ሳምንት የሚያምር ጣዕም ይኖረዋል፤ ከዚያ ይላላል፣ ውስጡ ይጠቁራል።

ገበሬዎች ለምን ቀድመው እንደሚያወርዱ አውቃለሁ። ወፍ አለ፣ ሌባ አለ፣ ብር የሚያስፈልግበት ቀን አለ። ነጋዴውም ቀይ ካየ አይጠይቅም። ይህ የኑሮ ጉዳይ ስለሆነ ለመፍረድ አይመችም። ቢያንስ ግን ቀድሞ የወረደውን አታስቀምጡት። ቶሎ ይሸጥ ወይም ይቀቀል።

ደረጃ 2፦ ዝርያውን እወቁ፣ ከአበባው ጀምራችሁ ቁጠሩ

አገራችን ውስጥ በብዛት የሚተከሉት ብዙ ብርድ የማይፈልጉ ዝርያዎች ናቸው። አና አንዷ ናት፤ እስራኤል ውስጥ የተዳቀለች። ዶርሴት ጎልደን ደግሞ ከባሃማስ የመጣ ነው፤ ለአና አበባ አጋር እንዲሆን አጠገቧ ይተከላል። ሁለቱም ቶሎ ይደርሳሉ፣ ቶሎም ያረጃሉ። አና በጥሩ ቅዝቃዜ ውስጥም ቢሆን ከአንድ እስከ ሁለት ወር ከቆየች ብዙ ነው። ጎልደን ዴሊሸስ በ0 ዲግሪ ሦስት አራት ወር ይሄዳል፤ ቆዳው ግን ስስ ስለሆነ እርጥበት ካጣ ቶሎ ይጨማደዳል። ግራኒ ስሚዝ፣ ያ አረንጓዴውና ኮምጣጣው፣ አምስት ወርና ከዚያ በላይም ይችላል። አናን ይዞ እንደ ግራኒ ስሚዝ መጠበቅ ኪሳራ ነው።

አበባው ከፈካ ጀምሮ ቀን ቁጠሩ። በረዶና በጋ በግልጽ በሚለይባቸው አገሮች ጋላ 110 እስከ 120 ቀን ገደማ፣ ጎልደን ዴሊሸስ 140 እስከ 150፣ ግራኒ ስሚዝ ከ170 በላይ ይፈጅበታል። እኛ ደጋ ላይ ይህ ቁጥር መነሻ ብቻ ነው። የራሳችሁን ግቢ ቁጥር ደብተር ላይ ጻፉ። በሦስተኛው ዓመት ከማንም መጽሐፍ የተሻለ መመሪያ ይኖራችኋል።

አንድ የኛ አገር ጣጣ አለ። አፕል በቂ ብርድ ካላገኘ አበባው በአንድ ጊዜ አይፈካም። አንዱ ቅርንጫፍ ሲያፈራ ሌላው ገና ያብባል። ስለዚህ አንድ ዛፍ ላይ የደረሰ፣ ሊደርስ የቀረበና ገና እንቡጥ የሆነ ጎን ለጎን ታያላችሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። አበባ በሚፈካበት ሰሞን የተለያየ ቀለም ያለው ክር ይዛችሁ፣ ቀድሞ ባበበው ቅርንጫፍ ላይ አንዱን፣ ዘግይቶ ባበበው ላይ ሌላውን እሰሩ። ለቀማው ሁለት ሦስት ዙር ይሆናል። የእኔ የመጀመሪያ ዓመት ጥፋት ይኸው ነበር፤ ሦስት ዙር የነበረውን በአንድ ቀን ጨረስኩት።

ደረጃ 3፦ ቀዩን እርሱት፣ ሥሩን እዩ

ቀይ ቀለም ያታልላል። ቀዩ የሚመጣው ከፀሐይና ከቀዝቃዛ ሌሊት ነው። ደጋ ላይ ሁለቱም ሞልተዋል። ስለዚህ ጮርቃ አፕል ጉንጩ ቀልቶ ሊያታልላችሁ ይችላል፤ ቅጠል ውስጥ የተደበቀው ደርሶም አረንጓዴ ሊመስል ይችላል።

ማየት ያለባችሁ ከቀዩ ሥር ያለውን መደብ ነው። ቀይ ያልነካው ቦታ፣ በተለይ ጭራው አካባቢ ያለችው ጎድጓዳ፣ ከሣር አረንጓዴ ወደ ፈዘዝ ያለ፣ ከዚያም ወደ ክሬም ቢጫ ሲሄድ ደርሷል ማለት ነው። ግራኒ ስሚዝ ላይ ይህ አይሠራም። እሱ ጠንከር ያለ አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚወርደው።

ከዚያ አንዱን ቁረጡ። ዘሩ ነጭ ከሆነ ገና ነው። ቡናማ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም፤ አንዳንዱ ዝርያ ፍሬው ሳይደርስ ዘሩ ይጠቁራል። ቀጥሎ ቅመሱት። ምላስ ላይ ሙጫ ሙጫ የሚል፣ ጥርስ ላይ እንደ ጥሬ ድንች የሚጣበቅ ስሜት ካለው ስታርቹ አልተለወጠም።

የፍሬ ጥንካሬና የስኳር መጠን የሚለኩ መሣሪያዎችም አሉ። ማኅበር ያላቸው አምራቾች በጋራ ቢገዙ ይጠቅማቸዋል። ለእኛ ለጥቂት ዛፍ ባለቤቶች ግን ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አንድ ጠርሙስ ይበቃል።

ደረጃ 4፦ የአዮዲን ፈተና

ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። አዮዲን ስታርች ሲነካ ይጠቁራል። ስኳር ሲነካ ምንም አይሆንም። ስለዚህ አፕሉ የት ደረጃ ላይ እንዳለ በዓይን ይታያል።

የላብራቶሪ እቃ ያለው ሰው 8.8 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ በትንሽ ለብ ያለ ውሃ ያሟሟል፣ 2.2 ግራም የአዮዲን ክሪስታል ይጨምርበታል፣ ከዚያ ውሃ ሞልቶ አንድ ሊትር ያደርሰዋል። እኔ ይህን አላደርግም። ለቁስል የሚሸጠውን አዮዲን እገዛና ቀጠን ያለ ሻይ እስኪመስል በውሃ አቀጥነዋለሁ። መሥራቱን ለማረጋገጥ የተቆረጠ ድንች ላይ ጠብ አድርጉ። ወዲያው ከጠቆረ ይሠራል።

ከተለያዩ ዛፎች፣ በትከሻ ቁመት ልክ ከውጭ በኩል፣ 10 ያህል ፍሬ ውሰዱ። ትል የገባበትን አትምረጡ። ትል የነካው ቀድሞ ስለሚበስል ያሳስታችኋል። ከፍሪጅ የወጣ ከሆነም መጀመሪያ ይሙቅ፤ ቀዝቃዛ ፍሬ ላይ ቀለሙ ቶሎ አይወጣም። ከጭራው ወደ ታች ሳይሆን ወገቡ ላይ አግድም ቁረጡት። የተቆረጠውን ፊት ሳህን ላይ ባለው አዮዲን ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ድፉት። አንሡት፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ እዩ።

ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ ጥቁር ከሆነ ጮርቃ ነው። ሲደርስ ጥቁሩ ከመሃል ጀምሮ ይለቃል። መጀመሪያ የዘሩ ቤት ይነጣል። ከዚያ ነጩ እየሰፋ ይወጣና በጥቁር መሬት ላይ የበቀለ አበባ ይመስላል፤ አምስት ቅጠል ያለው። ባለፈው ዓመት ከአንድ ዛፍ ሦስት ፍሬ ቆርጬ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። ከላይ ፀሐይ የሚያገኘው አበባው ፈክቶ ጥቁሩ ጠርዝ ላይ ቀጭን ቀለበት ሆኖ ቀርቷል። መካከለኛው ግማሽ በግማሽ ነው። ከውስጥ፣ ከጥላው የተወሰደው ድፍን ጥቁር። ሦስቱም ጉንጫቸው ላይ ቀይ ነበራቸው። ያን ቀን ስለ ቀይ ቀለም የነበረኝ እምነት አበቃለት።

ብዙ ባለሙያዎች ውጤቱን ከ1 እስከ 8 ያስቀምጡታል። 1 ሙሉ ጥቁር፣ 8 ምንም ጥቁር የሌለው። ለዝርያው የሚለያይ ቢሆንም በጥቅሉ 3 እና 4 ላይ ያለውን ለረጅም ጊዜ ማስቀመጥ ይቻላል። 5 እና 6 ለጥቂት ሳምንት። 7 እና 8 ላይ ያለው ፍሪጅ አይመኝ፤ ይበላ። ከ3 በታች ከሆነ አትንኩት፤ ከአራት አምስት ቀን በኋላ ተመለሱ።

አዮዲን የነካውን አትብሉ። ለበጎቹም አትስጡ። ልብስም ያቆሽሻል።

ደረጃ 5፦ አለቃቀሙ

አፕል እንደ ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንደ እንቁላል ነው የሚያዘው። በጣት ጫፍ አትጭመቁት። በመዳፋችሁ ያዙት፣ ወደ ላይ አንሡት፣ ትንሽ ጠምዘዝ አድርጉት። የደረሰ ከሆነ በቀላሉ ይለቃል። ካልለቀቀ እየነገራችሁ ነው። አትጎትቱት፤ ፍሬው የተንጠለጠለባት አጭር ጉጥ ከተሰበረች የሚመጣውን ዓመት ፍሬም አብራችሁ ቀጠፋችሁ። ጭራው ፍሬው ላይ ይቅር። ጭራው የተነቀለ ፍሬ ለሻጋታ በር ይከፍታል።

ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ልቀሙ። ጥፍራችሁን አሳጥሩ። ማዳበሪያ ይቅርባችሁ። የታችኛው በላይኛው ክብደት ይጨፈለቃል፣ የተጨፈለቀው ደግሞ ብዙ ኤቲሊን ያወጣና ጎረቤቶቹን ያስረጃል። ሳጥን ወይም ጠንካራ ካርቶን፣ ከሥሩ ጋዜጣ ወይም ደረቅ ሣር። የወደቀውን ከተለቀመው ጋር አትቀላቅሉ።

ደረጃ 6፦ ሙቀቱን በዚያው ቀን አውጡለት

አሁን ያቺን ቁጥር አስታውሷት። አንድ ቀን በሙቀት ማለት 10 ቀን በ0 ዲግሪ ማለት ነው። ስለዚህ ካርቶኑ መኪና ላይ ፀሐይ እየመታው ሁለት ቀን ከዋለ ሦስት ሳምንት ገደማ ዕድሜ እዚያው አለቀ። ፍሪጅ አይመልሰውም።

ጨንጫን አስቡ። የአገራችን የአፕል መንደር ናት፤ ሚሲዮናውያን ያስገቡት ችግኝ የጋሞ ደጋን ስም ያስጠራበት ቦታ። ከተማዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ወደ አርባ ምንጭ 40 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ብትወርዱ 1,300 ሜትር አካባቢ ትገኛላችሁ። ሹራብ ለብሳችሁ ተነሥታችሁ በላብ ነው የምትደርሱት። አፕሉም እንደዚያው ነው። ጠዋት በብርድ የተቀጠፈ ፍሬ ከሰዓት በሞቃት መናኸሪያ ላይ ተከምሮ አውቶቡስ ይጠብቃል። አፕሉ አዲስ አበባ ሲደርስ የሚላላው ለዚህም ነው። የሚጫን ከሆነ ማታ ይጫን። በሌሊት ይውረድ። በጥላ ይዋል።

ቤት ውስጥ ያለው ዘዴ ቀላል ነው። የተለቀመውን በሳጥን እንደሆነ ሌሊቱን ነፋስ በሚያገኝ፣ አይጥ በማይደርስበት በረንዳ ላይ አሳድሩት። የደጋ ሌሊት ነፃ ፍሪጅ ነው። ማለዳ ፀሐይ ሳይወጣ ወደ ማስቀመጫው አስገቡት። ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ በሚመታበት አካባቢ ግን ሸፍኑት። ቅዝቃዜው ከ0 በታች ወደ 2 ዲግሪ ሲጠጋ የአፕሉ ውስጥ በረዶ ይሆናል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። በስህተት በረዶ ከሆነባችሁ እስኪቀልጥ እጃችሁን አታስነኩት። በረዶ ሆኖ የተነካ ቦታ ሁሉ ይጠቁራል።

ደረጃ 7፦ የት ይቀመጥ?

አብዛኛው አፕል የሚወደው ከ0 እስከ 1 ዲግሪና ከ90 እስከ 95 በመቶ እርጥበት ነው። ይህ ያለው ዘመናዊ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። የቤት ፍሪጅ 4 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ይበቃል፤ ዕድሜው ግን ያጥራል።

ፍሪጅ ላላቸው፦ የአትክልት መሳቢያው ውስጥ፣ ጥቂት ቀዳዳ በተበሳ ፌስታል አስቀምጡ። ቀዳዳ ከሌለው ላብ ይጠራቀማል፤ ፌስታሉ ጭራሽ ከሌለ ይጨማደዳል። ሳይታጠብ ይግባ፤ ስትበሉት እጠቡት። ካሮት አጠገቡ አታድርጉ። አፕል የሚያወጣው ጋዝ ካሮትን መራራ ያደርገዋል። ጎመንን ያስቢጫል። ወጥ ውስጥ የገባ ካሮት መረረኝ ብላችሁ ሻጩን የረገማችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ መሳቢያችሁን እዩ። መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቱት። ባዶ ቦታ ላይ ውሃ የሞሉ ጠርሙሶች ካሉ ቅዝቃዜውን ያቆዩታል።

ፍሪጅ የሌለው ወይም ብዙ ሳጥን ያለው ሰው የጡብና የአሸዋ ማቀዝቀዣ መሥራት ይችላል። ህንድ ውስጥ ለገበሬ ታስቦ የተሠራ ዘዴ ነው። ጥላ ቦታ ላይ ወለሉን ጡብ አንጥፉ። ሁለት ድርብ የጡብ ግድግዳ አቁሙ፤ በመካከላቸው 7.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። ክፍተቱን የወንዝ አሸዋ ሙሉት። አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጡት። ክዳኑን በሰንበሌጥ ወይም በእርጥብ ጆንያ አድርጉት። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። በደረቅ ወራት ከውጭው በጣም ይቀዘቅዛል፣ ውስጡም እርጥበት ይይዛል። ክረምት ላይ ግን አየሩ ራሱ ውሃ ስለሆነ ብዙ አይጠቅምም።

ሌላው አማራጭ ተራ የጭቃ ክፍል ነው። ወፍራም ግድግዳ፣ ከታችና ከላይ የሚከፈት መስኮት። ማታ ክፈቱ፣ ጠዋት ዝጉ። ወለሉ ላይ ውሃ እርጩ። በቃ።

ትልልቆቹ አምራቾች ከዚህም ርቀው ሄደዋል። ኪድና ዌስት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች በ1920ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አየሩን ራሱን መቀየር እንደሚቻል አሳዩ። ኦክስጅኑን ዝቅ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከፍ ሲያደርጉት አፕሉ እንቅልፍ ይወስደዋል። ዛሬ ከውጭ የሚገባው አፕል በዚህ ዘዴ ወራት የቆየ ሊሆን ይችላል። የኤቲሊንን በር የሚዘጋ ጋዝም አለ፤ ፍሬው ጋዙን ቢያገኝም አይሰማውም። ስለዚህ ከሱፐርማርኬት ገዝታችሁ ጠረጴዛ ላይ ሳምንታት ቢቀመጥ ሳይበላሽ ብታዩት አትደናገጡ።

ደረጃ 8፦ በየሳምንቱ እጃችሁን ስደዱበት

አንድ የበሰበሰ አፕል ሳጥኑን ይጨርሳል። በየሳምንቱ አውጥታችሁ እዩ። የሚታየው ችግር ስለ ለቀማችሁ ይናገራል።

ቆዳው ብቻ ተቃጥሎ እንደ ቡና ከጠቆረ፣ በተለይ ግራኒ ስሚዝ ከሆነ፣ ቀድሞ ተቀጥፎ ነበር ማለት ነው። ይህ ጉዳት ከወራት ቅዝቃዜ በኋላ ነው የሚወጣው፤ ወደ ሙቀት ሲወጣ ይብሳል። ሥጋው ደህና ስለሆነ ልጣችሁ ብሉት። ከቆዳው ሥር ትንንሽ ቡናማ ጉድጓድ ካለ ፍሬው ካልሲየም አጥሮታል፤ ቀድሞ መቅጠፍም ያባብሰዋል። ስትቆርጡት ውስጡ እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ ውሃማ ቦታ ካለው ዛፍ ላይ ቆይቷል። ሲበላ ይጣፍጣል፤ ሲቀመጥ ግን ይጠቁራል። ዱቄት ዱቄት ካለ ወይ ዘግይቶ ወርዷል፣ ወይ በሙቀት ቆይቷል፣ ወይ ዕድሜው አልቋል።

በየካርቶኑ ላይ የተቀጠፈበትን ቀን፣ ዝርያውንና የአዮዲን ቁጥሩን በማርከር ጻፉ። ሦስት ነገር ናት። እሷ ከሌለች ከሁለት ወር በኋላ የምታዩትን ችግር ከምን እንደመጣ አታውቁትም።

ደረጃ 9፦ ከቅዝቃዜ ሲወጣ

ከፍሪጅ የወጣ አፕል ላብ ያወጣል። ያ ላብ ሻጋታ ይጠራል። ሳጥኑን እንደተሸፈነ አውጡት፣ የክፍሉን ሙቀት እስኪለምድ ጠብቁ፣ ከዚያ ክፈቱ። የሚሸጥም ከሆነ የምትሸጡትን ያህል ብቻ አውጡ። ወጥቶ የተመለሰ አፕል ዕድሜው ይቆረጣል።

አሁን ደግሞ መጀመሪያ ያልኩትን ትንሽ ላፍርሰው። ቅዝቃዜ አያበስልም ብያለሁ። ግራኒ ስሚዝን የመሰሉ ዘግይተው የሚደርሱ ዝርያዎች ላይ ግን የጥቂት ሳምንት ቅዝቃዜ የኤቲሊኑን ሞተር ያስነሳል። ጨርሶ ሳይቀዘቅዝ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠው ይልቅ፣ ቀዝቅዞ የወጣው ቶሎና እኩል ይበስላል። ሥራው ግን የሚሠራው ከወጣ በኋላ፣ በክፍል ሙቀት ነው። መነሻውም ያው ነው፦ የደረሰ ፍሬ መሆን አለበት።

አውጥታችሁ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። በየቀኑ አሽትቱት። ጭራው አካባቢ መዓዛ መስጠት ሲጀምር ብሉት። እንዲፈጥን ከፈለጋችሁ ከበሰለ ሙዝ ጋር የወረቀት ከረጢት ውስጥ ክተቱት። ጥሬ አቮካዶ ካላችሁም አብራችሁ ጨምሩ፤ አፕሉ ውለታ ይሠራላችኋል።

የተጨማደደውንና የላላውን ልጣችሁ፣ ቆራርጣችሁ፣ ትንሽ ስኳርና ቀረፋ ጨምራችሁ በዝግታ እሳት ቀቅሉት። ማርማላታ ይወጣዋል። ባለፈው ዓመት ከመጨረሻው ሳጥን የተረፈውን እንዲህ አድርጌ ለአክስቴ አንድ ብልቃጥ ይዤላት ሄድኩ። በጎቹ የደረሳቸው ልጣጩ ብቻ ነው።